ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ

የፈተና ወረቀቶቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። አራሚው የማንን ወረቀት እንደያዘ እንዳያውቅ በየወረቀቱ ራስጌ ላይ በስም ፈንታ ቁጥር ተጽፏል። እሷ ግን አራተኛውን ገና ስታነሳው አወቀችው። እንዲህ ተጭኖ፣ ወረቀቱ በጀርባው እስኪያብጥ ድረስ የሚጽፍ ሰው ከአንድ በላይ አታውቅም።

እጇን አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። ከዚያ መልሳ እስክሪብቶውን ያዘች።

አባቷ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። በጉባኤያቸው ውስጥ ያደገች ልጅ ለማግባት ከውጭ የሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የመጽሐፍ ቅዱስ እውቀቱ ይፈተናል። ጥያቄው ሃምሳ ነው፤ አርባ ያላገኘ አያልፍም። ጥያቄዎቹን ያወጡት፣ መልሶቹንም በእጃቸው ጽፈው ያስቀመጡት አባቷ ሲሆኑ፣ ያው ወረቀት ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሏል። ዘንድሮ ግን ዓይናቸውን በቀዶ ሕክምና ታክመው፣ አንደኛው በፋሻ ታስሮ፣ ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት ምንም እንዳያነቡ ከልክሏቸዋል።

"አንቺ አርሚው" አሏት።

"አባዬ፣ እኔ እንዴት አድርጌ? እሱም ከተፈታኞቹ አንዱ ነው እኮ።"

"ለዚህ ነው አንቺን ያልኩት። ሌላ ሰው አርሞት ቢያልፍ ዕድሜ ልኬን እጠራጠራለሁ። አንቺ ግን አትዋሺኝም።" ፋሻውን አስተካክለው ጨመሩ። "ቃላችንን አትርሺ። አንድ ጊዜ ይፈተናል። ካለፈ አልከለክልሽም፤ እመርቅሻለሁ። ከወደቀ ግን ስሙን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።"

እሷም እሺ ብላ ነበር። እሺ ያለችው እንደሚያልፍ እርግጠኛ ስለነበረች ነው። አምስት ወር ሙሉ ያስተማረችው ራሷ ናት።

ማረም ጀመረች። የኖኅን ሦስት ልጆች ስም ጥቀስ ለሚለው "ሴም፣ ካም እና ሦስተኛው ወንድማቸው" ብሎ ጽፏል። ሳታስበው ሳቀች፤ ስሕተት ምልክት አደረገችበት። ሐዋርያው ጳውሎስ በእጁ ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር ሲጠየቅ ደግሞ "ድንኳን ይሰፋ ነበር" ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነውና የሙያ ነገር ሲመጣ እንደሚኮራ ታውቃለች። እዚያ ላይ ትክክል የሚለውን ምልክት ከሌሎቹ ትንሽ አስረዝማ ጻፈችው።

ሠላሳ አንደኛው ላይ ቆመች።

ጥያቄው "ያዕቆብ ራሔልን እስኪያገባ ድረስ ላባን ስንት ዓመት አገለገለ?" ይላል። የአባቷ መልስ አሥራ አራት ነው። እሱ የጻፈው "ሰባት ዓመት" ነው።

ይህን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አስጠንታዋለች። መጀመሪያ በነገረችው ቀን በጥርሱ የያዘውን ሽቦ አውጥቶ፣ "አሥራ አራት! እኔ አምስት ወር አልቻልኩትም" ብሎ አስቋታል። ሊረሳው አይችልም። ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አይረሳም።

ስሕተት ብላ አለፈች። መጨረሻ ላይ ስትደምረው ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ደግማ ደመረች። ከታች ወደ ላይ ደመረች።

ሠላሳ ዘጠኝ።

"ወደቀ እንዴ ልጁ?" አለች አክስቷ ከበሩ ላይ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

"ገና አልጨረስኩም፣ አክስቴ።"

"ስትቆጥሪ ሦስት ጊዜ አየሁሽ እኮ። ቁጥሩ ሲያይሽ ጊዜ ፈርቶ ይለወጥ ይሆናል ብለሽ ነው?"

ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠች። አክስቷ ጥቂት ቆማ አየቻትና ቀልዷን ትታ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታላት ሄደች።

ከመሳቢያዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። እሑድ ፈተናው እንዳበቃ ነበር የሰጣት፤ ዓይኗን ሳያይ። ያኔ ስታነበው ግራ ገብቷት፣ ድካም ይሆናል ብላ አስቀምጣዋለች። አሁን እንደገና ገለጠችው።

"ምናልባት ታዝኚብኝ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ሌላ ነገር መጻፍ እችል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እናንተ ቤት የምገባው ራሴን ውጭ ጥዬ ከሆነ፣ የገባው ሰውዬ እኔ አይደለሁም። ስታነቢው ይገባሻል ብዬ አምናለሁ። ካልገባሽም አልቀየምሽም።"

እና ገባት። የገባት መሰላት። ቤታችሁ አልገባም እያላት ነው። አልፈልግሽም ለማለት አንደበቱ ስላልቻለ፣ የሚያውቀውን መልስ ሆን ብሎ አበላሽቶ አባቷ እንዲሉለት አደረገ።

ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሳ አጠፈችው። ማልቀስ ነበረባት፤ ዕንባው ግን አልመጣም። የመጣው፣ የቤቷን በር ከፍታ ገብታ የሌላ ሰው ቤት ሆኖ ያገኘችው ዓይነት ስሜት ነበር።

*

የሚሠሩት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። እሷ ምድር ቤት ባለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። እሱ ሊፍቶቹን ይጠግናል።

የተዋወቁት በጽሑፍ ነው። "የመድኃኒት ማመላለሻው ሊፍት ዛሬም ቆሟል" ብላ ለጥገና ክፍል ማመልከቻ ጻፈች። ማመልከቻው ከግርጌው መልስ ተጽፎበት ተመለሰ፤ "ሊፍቱ አልቆመም። ከመድኃኒት ቤት አንዲት ሴት በሩን በካርቶን ደግፋዋለች።" ሴትዮዋ እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ የሊፍቱ ብልሽት ለጉድ በዛ፤ ማመልከቻዎቹም ብልሽቱ ከሚጠይቀው በላይ እየረዘሙ ሄዱ። ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም የሚሉት ጠፋቸው። በወረቀት ግን ሁሉን ተባብለው ጨርሰው ነበር።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወደ ጣሪያው ወጣች። አምስት ወር የተማማሩበት የሞተር ክፍል እዚያ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ሞተሮች፣ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ታች የሚወርዱ የብረት ገመዶች፣ በአንድ ጥግ ሁለት ወንበር። እሱ ከባልደረባው ጋር የፍሬን ሸራ እየለወጠ ነበር። ባልደረባው አጭር ደንዳና ሰው ነው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ ብሎን ይለዋል።

ብሎን ፊቷን አይቶ መፍቻውን አስቀመጠ። "እኔ ወደ ታች ልውረድ። እዚህ ቮልቴጁ ከፍ ብሏል።"

እስኪወጣ ጠበቀች።

"ሠላሳ ዘጠኝ" አለችው።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ። እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ ጠረገ። "አንድ ጎደለ" አለ በመጨረሻ።

"የቷ እንደሆነች ታውቃለህ?"

"ሠላሳ አንደኛዋ።"

"ስንት ጊዜ ነው የነገርኩህ?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ምን ብዬ?"

"አሥራ አራት ብለሽ።"

"ታዲያ?"

"አሥራ አራት አይደለማ።"

"አትቀልድብኝ! አትቀልድ፣ እባክህ።" ድምጿ ከሞተሩ በላይ ወጣ፤ ራሷንም አስደነገጣት። "ካልፈለግከኝ፣ አልፈልግሽም ብለህ በአፍህ ንገረኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህቺ አትበዛብኝም። በአባቴ ወረቀት ተደብቀህ አትሂድብኝ።"

ጨርቁን ጣለው። "አልፈልግሽም ማለቴ ነው የመሰለሽ?"

"ሌላ ምን ይምሰለኝ? የኖኅን ልጅ ብትረሳ፣ እሺ፣ ሰው ይረሳል። ይህንን ግን ረሳሁት ልትለኝ ነው?"

"አልረሳሁትም።"

"ስለዚህ ሆን ብለህ ነው።"

"ሆን ብዬ ነው።"

"አየህ!"

"ምኑን ነው ያየሁት? አንቺ፣ አንዴ ቆይ… ወይ ረስቷል፣ ወይ ጠልቶኛል፣ አይደል ያልሽው? ትክክል ይሆናል ብለሽስ አላሰብሽም?"

አፏን ከፈተች። ከታች የሆነ ሰው ሊፍቱን ጠርቶ ሞተሩ ተነሳ፤ ገመዶቹ በመካከላቸው እየተንሸራተቱ ሮጡ፣ ዘገዩ፣ ቆሙ። አፏ ተከፍቶ እንደቀረ ያወቀችው ጸጥ ሲል ነው።

"አንዴም?" አለ፤ አሁን ቀስ ብሎ።

ከመሣሪያ መደርደሪያው ላይ፣ ከሊፍቱ ማኑዋሎች አጠገብ፣ እሷ የሰጠችውን መጽሐፍ ቅዱስ አወረደ። ዳር ዳሩ ግራሶ ነክቶታል።

"ይሄን ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ ሁለት ጣት የለውም" አለ። "'ኤሌክትሪኩ ጠፍቷል' ብለውት አምኖ ነው። ከሱ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ በሰው ወሬ ብሎን አለመፍታት ነው። ማኑዋሉን ሳላይ አልነካም። አንቺም የነገርሽኝን ሁሉ፣ ተጠራጥሬሽ አይደለም፣ ልማዴ ስለሆነ ቤት ሄጄ አነበዋለሁ። እስቲ እዚህ ጋ አንብቢው።"

ኦሪት ዘፍጥረት፣ ምዕራፍ ሃያ ዘጠኝ። የምታውቀው ምዕራፍ ነው። ዓይኗ በለመደው መንገድ ሊያልፍ ሲል ጣቱ መስመሩ ላይ አቆማት። ያዕቆብ ሰባት ዓመት አገለገለ። በሠርጉ ማግስት ያገባት ልያን እንደሆነ አወቀ። ላባም የዚችን የአንድ ሳምንት ድግስ ጨርስ፣ ያችኛዋንም እሰጥሃለሁ፣ ለሷ ደግሞ ሌላ ሰባት ዓመት ታገለግለኛለህ አለው። ሳምንቱን ጨረሰ። ራሔልን ሰጠው። ሁለተኛውን ሰባት ዓመት ያገለገለው ከዚያ ወዲያ፣ እሷን አግብቶ ነው።

ደግማ አነበበች። ፊደሎቹ በልጅነቷ ያነበበቻቸው ናቸው፤ አንዳቸውም አልተለወጡም።

"ከልጅነቴ ጀምሮ…" አለችና ገጹን ገልብጣ መልሳ አየችው። "ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?"

"አንብቤ እዚህ የደረስኩት ዓርብ ነው። ልነግርሽ ወደ መስኮትሽ መጣሁ። 'ዛሬ ጥያቄ የለም፤ የነገርኩህን ብቻ ሸምድድ' ብለሽ በሳቅ መለስሽኝ።"

ብላዋለች። ሰልፍ ነበረባት፤ ደስ ብሏትም ነበር።

"አሥራ አራት ብትል ግን ታልፍ ነበር። ታውቃለህ። እያወቅክ በኔ ቆመርክ?"

"አልቆመርኩም። በሷ አንዲት ጥያቄ እወድቃለሁ መች አልኩ? የኖኅ ሦስተኛ ልጅ ጉድ እንደሚሠራኝ በምን አውቄ።" ሊስቅ ሞከረና ተወው። "በዓይኔ ያየሁትን አላየሁም ብዬ ጽፌ፣ አንቺን አግብቼ፣ ከዚያ እናንተ ቤት በገባሁ ቁጥር ምን ልሁን? መውደቁ አያመኝም። ወድቄ አውቃለሁ። የሚያመኝ፣ አንቺ ደረጃውን ሁሉ ስትወጪ 'ምን አግኝቶ ይሆን?' ብለሽ አለመምጣትሽ ነው።"

መጽሐፉን መልሳ ሰጠችው።  

በሊፍቱ አልወረደችም። ስምንቱን ፎቅ በእግሯ ስትወርድ በየደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆመች፤ ደክሟት ሳይሆን፣ ማንን እንደምትቆጣ ለማወቅ። በሱ መቆጣት ፈለገች፣ አልሆነላትም። በአባቷ ሞከረች። ምድር ቤት ስትደርስ የቀረችው ራሷ ብቻ ነበረች።

*

አባቷ ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ግማሽ በተዘጋ ክፍል፣ በወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አክስቷ በመስኮቱ በኩል ልብስ ታጥፋለች።

"አባዬ፣ አንድ ምዕራፍ ላንብብልዎት?"

"ማረሙን ጨረስሽ?"

"ከማረሙ በፊት ይህን ልስማዎት… ይስሙኝ ማለቴ ነው።" 

ምዕራፉን ስትነግራቸው ፊታቸው በራ። ሟች እናቷን ለማግባት ረጅም ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው፤ የያዕቆብን ታሪክ በየሠርጉ ሲናገሩት ሰዎች ያለቅሳሉ። እሷ ስታነብ እሳቸው በቃላቸው አብረው ይከተላሉ፣ አንዳንዴም ይቀድሟታል። ወደ ላባ መልስ ስትደርስ ግን እሳቸው ዘለው አለፉ፤ እሷ አልዘለለችም። ድምጻቸው ብቻውን ወደፊት ሄዶ፣ የሷን ሲሰማ ቆመ።

"ደግመሽ አንብቢ።"

ደገመችው።

"ምንድን ነው የምታነቢልኝ?"

"የተጻፈውን።"

አንድ ዓይናቸውን ወደሷ አዞሩ። "ልጄ፣ ፍቅር ይዞሻል። እኔ ደግሞ ዓይኔ ታስሯል። ያልተጻፈ ለማንበብ ከዚህ የሚመች ቀን የለም።"

ያልጠበቀችው ቦታ ላይ ወጋት። እንዲህ ነው እንግዲህ፣ አለች በልቧ፤ እውነት ተናግሮ አለመታመን እንዲህ ነው። እሱ በዚያ የሞተር ክፍል ውስጥ ቆሞ የተሰማው ይህ ነው።

"እስቲ አምጪው" አለች አክስቷ ልብሱን ጥላ። "እኔን እንኳ ማንም አልያዘኝም፤ ፍቅርም አልሞከረኝ።" መጽሐፉን ክንዷ እስኪዘረጋ ድረስ ካራቀችው በኋላ፣ ቃል በቃል እየለቀመች አነበበች። እዚያው ቦታ ደረሰች። እዚያው ነበር። "ኧረ ጉድ!" አለች። "አንድ ሳምንት ብቻ? እኔ ለዚህ ሰውዬ ስንት ዘመን አዘንኩለት!"

ማንም አልሳቀም። አክስቷ ከንፈሯን ይዛ ተቀመጠች።

 በፊት የሚያውቀውን ዕቃ በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው፣ የመምህሩ እጅ በወንበሩ ክንድ ላይ ሄዶ ይመለሳል።

"እናትሽን የጠየቅኩ ጊዜ" አሉ፣ "አባቷ ቀኑን አራዘሙብኝ። እኔም ደብዳቤ ጻፍኩላት። ያዕቆብ አሥራ አራት ዓመት ጠብቆ ነው ራሔልን ያገባት፣ እኔም እጠብቅሻለሁ አልኳት። በጣም የኮራሁበት ደብዳቤ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ አባዬ። ነግረውናል።"

"ያልነገርኳችሁ መልሷን ነው። ከታች፣ ከሰላምታዋ ቀጥሎ፣ 'ሰባት ነው፤ እባክህ አንብበው' ብላ ነበር። ቶሎ እንዳገባት ፈልጋ ዓመቱን ያሳጠረችብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ለጓደኞቼም ነግሬ አብረን ሳቅን። ስንጋባ ሁለተኛ አላነሳችውም። በየሠርጉ ስናገረው አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አጎንብሳ ትሰማኝ ነበር። ደስ ብሏት ነው እል ነበር።"

ልጅቱ ከወንበሯ ተነሳች፣ ወዴት እንደምትሄድ ግን አላወቀችም። አክስቷ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

"መግለጥ ነበረብኝ" አሉ መምህሩ። "አንድ ገጽ ነው። የማውቀውን ነገር ምን ብዬ ልግለጥ?"

ፋሻው ስር እጃቸውን ሊያስገቡ ሲሉ ተዉት።

"ሐኪሙ ዓይንህን ዕንባ አይንካው ብሎኛል። ስለዚህ ሌላ ነገር እናውራ። ልጁ ስንት አገኘ?"

"በእርስዎ መልስ ሠላሳ ዘጠኝ።"

"በመጽሐፉስ?"

"አርባ።"

"ሃያ ሁለት ዓመት" አሉ ለራሳቸው። "ሰባት ያለ ሌላ ሰው ነበር ይሆን? አላስታውስም። ስሕተት ብሎ ማለፍ ነው እንግዲህ፣ ማን ያስታውሳል?" ከዚያ ቀና አሉ። "ነገ ትወስጂኛለሽ። በሰው አላስነግረውም፤ ራሴ እነግረዋለሁ።"

"ጣሪያው ላይ ነው፣ አባዬ። ስምንተኛ ፎቅ።"

"ሊፍቱን የሚሠራው እሱ አይደለም እንዴ? እሱን አምኜ እወጣለኋ።"

መደሰት ነበረባት። አባቷ አሸንፈውላት ሳይሆን ተሸንፈውላት እንደሆነ ግን ገባት፤ ያንን ፊት ማየት ከበዳት።

*

ሐሙስ ጠዋት ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው። እሱ በሩ ላይ ሲያያቸው የያዘውን ሁሉ ጥሎ ቆመ፤ ብሎን ወንበር ፍለጋ ተሯሯጠ።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"ቆሜ ነው የምናገረው። ወረቀትህ ላይ አርባ አግኝተሃል። አንዷን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ትክክል ነበርክ። ይቅርታ።" በዕድሜያቸው ብዙ ጊዜ ያልተጠቀሙበት ቃል ስለሆነ ወፍራም ሆኖ ወጣ። "ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያስተማረህ?"

አንድ አፍታ ተመለከታት። ከትናንት ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። "ልጅዎ ነች።"

"እሷማ አሥራ አራት ብላ ነው ያስተማረችህ። እኔ አይደለሁ እሷን ያስተማርኩ?"

"መጽሐፉን ግን የሰጠችኝ እሷ ነች፣ ጋሼ። ከዚያ በፊት አልነበረኝም።"

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።  "አንተ ወንድሜ" አሉ ወደ ብሎን ዞረው፣ "ዓይን ክፍል አድርሰኝ። ቀጠሮ አለኝ።"

ቀጠሮ አልነበራቸውም። ብሎን ግን ነገሩ ገብቶት፣ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሙሽራ እየደገፈ ይዟቸው ወረደ።

ሁለቱ ቀሩ። ሞተሩ አባቷን ይዞ ወርዶ ዝም አለ።

"አልፈሃል ልልህ አይደለም የቆየሁት" አለች። "እሱን እሳቸው ነገሩህ። ትናንት የጠየቅከኝን ልመልስልህ ነው።"

ጠበቃት።

"አንዴም አላሰብኩም። ወረቀትህን ይዤ ሳድር፣ ጽሕፈትህን ሁሉ ሳየው፣ ተሳስቷል አልኩ፤ ዋሽቷል አልኩ፤ ትቶኛል አልኩ። ትክክል ነው የሚለው በአእምሮዬ አላለፈም። መጽሐፉ አጠገቤ ነበር። አልገለጥኩትም።"

"ለምን?"

ልታሳምረው ትችል ነበር። በደብዳቤ ቢሆን ታሳምረው ነበር።

"መካኒክ ስለሆንክ" አለች።

ቃሉ ወጥቶ በመካከላቸው ቆመ። ፊቱ ላይ የሚሆነውን ላለማየት ዓይኗን ልትሰብር ፈለገች፤ አልሰበረችም። ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ ብላ ቆማ አየችው። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ መንጋጋው ጠበቀ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የማታውቀው ነገር ከዓይኑ ሥር ላላ።

"አውቄው ነበር" አለ። "ከሌላ ሰው ብሰማው ግን አይሻለኝም ነበር።"

"እወድሃለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። እንዴት አብረው እንደሚኖሩ አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም።" ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሌላኛውን በእግሩ ወደሷ ገፋላት። "ተቀይሜሻለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ዛሬ አይለቀኝም። ነገም የሚለቀኝ አይመስለኝም።"

"እሺ።"

"'ካልገባሽም አልቀየምሽም' ብዬ የጻፍኩትን ተይው። ውሸቴን ነበር።"

"እሺ አልኩህ እኮ።"

"እሑድ ግን ቤታችሁ እመጣለሁ።"

ቀና ብላ አየችው። "ተቀይመህ?"

"ተቀይሜ። ቤቴ ለብቻዬ ሆኜ ከምቀየምሽ፣ አንቺ ባለሽበት ብቀየምሽ ይሻለኛል።"

ሳቅ መጣባት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሱ አልነካትም፤ ትቷትም አልሄደም። ደስታ ነው እንዳትል ታለቅሳለች፤ ኀዘን ነው እንዳትል ከስንት ቀን በኋላ ትከሻዋ ቀሏታል። ስም ልታወጣለት ብዙ ሞከረች። ሲያቅታት ተወችው፤ እጇን ከፊቷ አውርዳ፣ እንደተቀየመ አጠገቧ ተቀምጦ አገኘችው።